ጆሮና የስኳር በሽታ

የስኳር በሽታ ሲነሣ ከአብዛኞቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው ዓይን፣ ኩላሊትና እግር ነው። ዓይን እንደሚያፈዝ፣ ኩላሊት እንደሚያደክም፣ በእግር ላይ የወጣች ትንሽ ቍስል እንኳ እግር እስከ ማስቈረጥ እንደምታደርስ ያልሰማ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። ጆሮን ግን ከዚህ ቍጥር የሚያስገባው የለም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንነሣ ጓደኞቻችንን ብንጠይቅ «ስኳርንና ጆሮን ምን አገናኛቸው?» እያሉ ሣቁብን። እኛም ከአንድ ዓመት በፊት ተጠይቀን ቢሆን ኖሮ አብረናቸው በሣቅን ነበር።

ነገሩን ከቀልድ ያወጣብን ከመካከላችን በአንደኛው ቤት የደረሰ ነገር ነው። አባቱ የስኳር በሽታ ከያዛቸው ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጧትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ቀድሞ በጨዋታቸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚወዳቸው ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዝምታ አበዙ፤ ስልክ ሲደወልላቸው «እሺ፣ እሺ፣ በርቱ» ብለው ለእናቱ ያቀብላሉ፤ በዕድር ስብሰባ ከዳር ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ከአፉ ላይ አይነቅሉም። ቤተ ሰቡ ይህን ሁሉ የተረጐመው በእርጅናና በጠባይ ነው። «አባባ እኮ አይሰሙም» ማለት የቤቱ ልማድ ሆነ፤ ትርጕሙም ግትር ሆነዋል ማለት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ለቀጠሮ በሄዱበት ጤና ጣቢያ፣ ሌሊት ሌሊት የሚያልባቸውና የሚያንቀጠቅጣቸው በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች እየወረደ መሆኑ ታወቀና ነርሷ «አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማታውን ዐሥራ ስድስት ያድርጉት» አለቻቸው። ክፍሉ በሰው የተሞላ ነበር፤ በሩም ይከፈታል ይዘጋል። እሳቸው «እሺ ልጄ» ብለው ወጡ። የሰሙት ግን «ዐሥራ ስምንት» ነበር፤ ዐሥራ ስምንት ደግሞ ቀድሞም የሚወጉት መጠን ስለ ሆነ ምንም ሳይጠራጠሩ ቀጠሉበት። በዐሥረኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ በላብ ተጠምቀው፣ አነጋገራቸው ተዘባርቆ ተገኙ። ገና መዋጥ ይችሉ ስለ ነበር ስኳር በውሃ በጥብጠው ቢያጠጧቸው ቀስ በቀስ ተመለሱ። ቤተ ሰቡም ከማዘን ይልቅ ተቈጣ፤ «ተነግሯቸው እንቢ አሉ» ተባለ። ጆሯቸው የተመረመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ብዙ ወራት ቈይቶ ነው፤ ሁለቱም ጆሮዎች ቀጭን ድምፅ በመስማት በኩል እጅግ ደክመው ተገኙ።

በቋንቋችን «ሰማ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ድምፅ በጆሮው የገባለት ሰው ሰማ ይባላል፤ የታዘዘውን የፈጸመም ሰማ ይባላል። ስለዚህ «እገሌ አይሰማም» ስንል የምንከሰው ጆሮውን ይሁን ልቡን ሳንለይ ነው፤ አብዛኛውንም ጊዜ የሚከሰሰው ልብ ነው። የተጠቀሱት አባትም «እሺ» ያሉት ስለ ሰሙ አልነበረም። በደንብ ያልሰማ ሰው «ምን አሉ?» እያለ ሦስት ጊዜ ከሚጠይቅ ይልቅ «እሺ» ማለት ይቀለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ድምፅ ማለት የአየር መንቀጥቀጥ ነው። መንቀጥቀጡ በውጭ ጆሮ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል፤ ታምቡሩም ከበስተኋላው የተያያዙትን መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ያንቀሳቅሳል። እስከዚህ ያለው ከበር ማንኳኳት ብዙ አይለይም። ምስጢሩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። የውስጥ ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠመዘዘ፣ ፈሳሽ የሞላበትና እጅግ ጠንካራ በሆነ አጥንት ውስጥ የተቀበረ ዕቃ ነው። በዚህ ዕቃ ውስጥ በረድፍ የተተከሉ ጸጉራም ሕዋሳት ይገኛሉ። ፈሳሹ ሲናወጥ ጸጉሮቹ ይታጠፋሉ፤ ሲታጠፉም የኤሌክትሪክ መልእክት ይነሣና በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። የሰው ንግግር፣ ዜማው፣ የአስተማሪው ድምፅ፣ ሁሉም በመጨረሻ ወደዚህ የጸጉር መታጠፍ ይመለሳል።

የእነዚህ ሕዋሳት ቍጥር ሲታይ የሚያስደነግጥ ነው፤ በአንድ ጆሮ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቢቈጠሩ 15,000 ያህል ብቻ ናቸው። በአንድ ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ከመቶ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከዚህም ሌላ የሰው ጸጉራም ሕዋስ አንድ ጊዜ ከሞተ ሌላ አይተካውም። ዶሮ በዚህ ረገድ ከእኛ ትሻላለች፤ የዶሮ ጆሮ የሞቱትን ሕዋሳት በአዲስ እንደሚተካ ሊቃውንት በ1980ዎቹ ዓመታት ደርሰውበታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) የሰው ልጅ ግን ሲወለድ ይዞት የመጣውን 15,000 እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አይኖርም።

እነዚህ ሕዋሳት በባዶ አይሠሩም። በቅርፊቱ ግድግዳ ላይ ከቀጫጭን የደም ሥሮች የተሸመነ ንጣፍ አለ። የዚህ ንጣፍ ሥራ ፈሳሹን እንደ ባትሪ መሙላት ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል 80 ሚሊቮልት ያህል ይደርሳል። ባትሪው ቀንና ሌሊት፣ ስንተኛም ስንነቃም መሞላት ስላለበት ንጣፉ ዘወትር ደም ይፈልጋል። ደሙ የሚመጣው ደግሞ በአንድ ቀጭን የደም ሥር በኩል ብቻ ነው። ሌሎች የሰውነት ክፍሎች አንዱ የደም ሥር ሲደፈን በሌላው ሊረዱ ይችላሉ፤ የውስጥ ጆሮ ግን በአንድ ድልድይ ብቻ እንደሚገባባት ከተማ ነው። ድልድዩ ሲጠብ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ድልድዩ ሲፈርስ ከተማው ይራባል።

የስኳር በሽታ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። የስኳር በሽታ ከሥሩ ሲመረመር የደም ሥር በሽታ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። በደም ውስጥ ለብዙ ዓመታት የበዛው ስኳር ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር እየተጣበቀ ግድግዳው እንዲወፍር፣ መተላለፊያውም እንዲጠብ ያደርጋል። በዓይን ጀርባ የሚገኘውን ስስ ሽፋን የሚያበላሸው ይህ ነው፤ ኩላሊትንም የሚያደክመው ይኸው ነው። በስኳር በሽታ ታመው የኖሩ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የጆሮ አጥንታቸው በስሱ ተቈርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ከላይ በጠቀስነው ንጣፍ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ግድግዳ ወፍሮ፣ ከጸጉራሞቹ ሕዋሳትም ብዙዎቹ ጠፍተው ተገኝተዋል። ሁለተኛው መንገድ ነርቭ ነው። የእግርን ነርቭ የሚያደነዝዘው ስኳር የጆሮን ነርቭ የሚምርበት ምክንያት የለም። የደም ግፊትና ሲጋራ ሲጨመሩበት ደግሞ ጕዳቱ ይፋጠናል፤ እነርሱም የሚያጠቁት ያንኑ የደም ሥር ነውና።

ጕዳቱ በአንድ ጊዜ ሁሉን ድምፅ አያጠፋም። በቀንድ አውጣው ቅርፊት መግቢያ አጠገብ ያሉት ሕዋሳት ቀጭን ድምፅ ይቀበላሉ፤ ከጫፉ ያሉት ደግሞ ወፍራሙን። ቀድመው የሚደክሙት ብዙውን ጊዜ የመግቢያዎቹ ናቸው። ይህን ለመረዳት በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቆመ አንድ ሽማግሌ እናስብ። ከበሮው ይሰማቸዋል፤ የሊቃውንቱም ድምፅ ይሰማቸዋል፤ ጸናጽሉ ግን የለም። ጸናጽሉን በካህናቱ እጅ ሲወዛወዝ ያዩታል እንጂ አይሰሙትም። ከዓመታት በፊት እንዴት ይጮኽ እንደ ነበር ስለሚያስታውሱ አእምሯቸው ራሱ ይሞላላቸዋልና መጥፋቱን እንኳ ላያውቁ ይችላሉ።

በንግግርም እንዲሁ ነው። የቃላችን ጕልበት ያለው በአናባቢዎቹ ላይ ሲሆን እነርሱ ወፍራም ድምፅ ናቸው፤ የቃሉ መለያ ግን በአብዛኛው ተነባቢው ነው። ከተነባቢዎቹም ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ እና የመሳሰሉት በጣም ቀጫጭኖች ናቸው። ቀጭኑን ድምፅ ላጣ ሰው «ሰማ» እና «ሸማ»፣ «ሠራ» እና «ፈራ»፣ «ሳቀ» እና «ፋቀ» አንድ ይሆኑበታል። «ስድስት» እና «ስምንት»ም በአንድ ፊደል ጀምረው በአንድ ፊደል የሚጨርሱ ናቸው፤ በጫጫታ መካከል ለደከመ ጆሮ ቢቀላቀሉ አያስደንቅም። እንዲህ ያለ ሰው ድምፅ አይጠፋበትም፤ የሚጠፋበት ቃሉ ነው። ስለዚህም ራሱን ደንቆሮ ነኝ ብሎ አያስብም፤ «የዛሬ ልጆች ቃል ይውጣሉ፣ አጥርተው አይናገሩም» ብሎ ያማርራል። ሰው ሲጮኽለት ደግሞ «ምን ያስጮኽሃል?» ብሎ ይቈጣል። ይህም ጠባይ አይደለም፤ የተጐዳ የውስጥ ጆሮ ለስለስ ያለውን ድምፅ ሳይሰማ ከፍ ያለው ግን እንደ ጤነኛው ስለሚሰማው መካከሉ ይጠብበታል። አለመስማቱንና በጩኸት መቈጣቱን አብረን ያየን ሰዎች ግትር ነው ብንል ፍርዳችን ይህን ያህል የራቀ ይሆናል።

ሐኪሞች ይህን መጠርጠር የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ዦርዳዎ የተባለ ሐኪም በ1857 በስኳር በሽታ ራሱን ወደ መሳት በተቃረበ ሰው ላይ የመስማት ድካም እንዳየ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ክርክሩ አላቋረጠም። የተጠራጣሪዎቹ አሳብ እንዲህ የሚል ነው፤ የስኳር በሽታ በብዛት የሚይዘው በዕድሜ የገፋውን ሰው ነው፤ ዕድሜ ደግሞ ብቻውን ጆሮን ያደክማል፤ እንግዲህ ጥፋቱ የስኳሩ ነው ወይስ የዕድሜው? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በቤተ ሰብም ውስጥ «አርጅተው ነው» ከሚለው መልስ ጋር አንድ ነው።

ከባድ መልስ የተሰጠው በ2008 ነው። ቤይንብሪጅና የሥራ ባልደረቦቿ በአሜሪካ አገር ከ1999 እስከ 2004 በተደረገ ብሔራዊ የጤና ምርመራ ላይ ጆሯቸው በመሣሪያ የተለካላቸውን 5,140 ሰዎች መረመሩ። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 69 ዓመት ነበር። ዝቅተኛና መካከለኛ ድምፅ በመስማት በኩል ድካም የተገኘባቸው የስኳር በሽታ ካለባቸው ከመቶው 21 ሲሆኑ፣ ከሌለባቸው ግን ከመቶው 9 ነበሩ። በቀጭን ድምፅ በኩል ደግሞ ከመቶው 54 እና ከመቶው 32። ዕድሜው፣ በሥራ ቦታ ያለው ጩኸት፣ ሲጋራውና ጆሮ የሚጐዳ መድኃኒት ሁሉ በሒሳብ ገብተው ከተነሡ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። በ2013 ደግሞ ሆሪካዋና ሌሎች ጃፓናውያን ከዚያ በፊት የተደረጉ 13 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎችን በአንድ ላይ ቢያስሉ፣ የመስማት ድካም የስኳር በሽታ ባለባቸው ዘንድ ሁለት እጥፍ ያህል በዝቶ አገኙት። ለእኛ ለወጣቶች የሚያሳስበው ግን ሌላው ነው፤ ልዩነቱ የሰፋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ሳይሆን ከዚያ በታች ባሉት ላይ ነበር። እንግዲያስ ሁሉን በዕድሜ ማሳበብ አይቻልም።

ክርክሩ ግን በዚህ አልተዘጋም፤ ተቃራኒውንም መደበቅ አይገባንም። ከ1983 ጀምሮ በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ወጣትነታቸውን ከኢንሱሊን ጋር ያሳለፉ ሕሙማን ለዓመታት የተከታተለ ታላቅ ጥናት አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በኋላ ጆሯቸው ተለክቶ ውጤቱ በ2018 ሲወጣ፣ በሽታው ከሌለባቸው የትዳር ጓደኞቻቸው የባሰ የመስማት ድካም አልተገኘባቸውም። ነገር ግን በሕሙማኑ መካከል፣ ለብዙ ዓመታት ስኳራቸው ከፍ ብሎ የቈየባቸው በርከት ብለው ከደከሙት ውስጥ ተገኝተዋል። ከዚህ የምንረዳው እንደሚመስለን ጆሮን የሚበላው የበሽታው ስም ሳይሆን፣ ሳይገታ ለዓመታት የቈየው ስኳር ነው። በጥሩ ሐኪም ተይዘው ለዓመታት የተከታተሉ ሰዎች ጆሮ ቢተርፍ፣ መድኃኒቱ አንድ ወር ተገኝቶ አንድ ወር በሚጠፋበት ቦታ የሚኖረው ሰው ጆሮ ይተርፋል ማለት አይደለም።

ይህን ስንል የምናስበው አገራችንን ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ የስኳር በሽታ ያለባቸው ጐልማሶች ወደ ሁለት ሚሊዮን ይጠጋሉ። «የባለጠጋ በሽታ ነው» የሚለውን አባባል የጎንደር ሐኪሞች ከብዙ ጊዜ በፊት አፍርሰውታል፤ ወደ እነርሱ ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ ኢንሱሊን የሚያሻቸው ሕሙማን ከሲታ ወጣት ገበሬዎች ነበሩ። በዚህ ላይ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመያዙ ነገር ከሌላው ሰው ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ለሳንባ ነቀርሳ ከተሠሩት የጥንት መድኃኒቶች አንዱ በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን ነው፤ ከዚያም ካናማይሲንና አሚካሲን ተከተሉ። እነዚህም፣ ዛሬ ለሌላ ሕመም በየሆስፒታሉ የሚሰጠው ጄንታማይሲንም፣ ከአንድ ቤተ ሰብ የሚወለዱ ሲሆኑ ጀርም እንደሚገድሉ ሁሉ ጸጉራሞቹንም ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ። ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት በኩል ነው። የስኳር በሽታ ኩላሊቱን ያደከመበት ሰው መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ ስለሚዘገይበት አደጋው ይበዛል። የዓለም የጤና ድርጅት መድኃኒት ለተላመደው ሳንባ ነቀርሳ ካናማይሲን እንዳይሰጥ ከ2018 ጀምሮ መክሯል፤ በመርፌ ፈንታም የሚዋጥ መድኃኒት ብልጫ አግኝቷል። ጄንታማይሲን ግን በቦታው አለ። ታማሚው ወይም አስታማሚው «ስኳር አለብኝ፤ ኩላሊቴስ ተመርምሯል?» ብሎ ቢጠይቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም።

የውስጥ ጆሮ ከመስማት ሌላ የሰውነትንም ሚዛን ይጠብቃል። ስለዚህ ጆሮው የተነካ ሰው በጨለማ ሲሄድ ሊንገዳገድ፣ ከአልጋው ሲነሣ ሊዞርበት ይችላል። እግሩ ደንዝዞ፣ ዓይኑም ደክሞ ከሆነ መሬቱን የሚነግረው ምንም አልቀረለትም ማለት ነው። አዛውንቶች ሲወድቁ «እንቅፋት መታቸው» እንላለን፤ አንዳንዱ እንቅፋት ከጆሮ ውስጥ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ቀስ ብሎ ስለሚመጣው ጕዳት ነው። ቀጠሮ የማይሰጡ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው ድንገተኛ ደንቆሮነት ነው። አንድ ሰው ማታ በደኅና ተኝቶ ጧት አንድ ጆሮው ቢዘጋበት፣ ወይም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ጆሮው ቢጠፋ፣ «ኩክ ይሆናል፣ ይለቅቃል» ብሎ ሳምንት መቈየት የለበትም። ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት በቶሎ ሲጀመር ይጠቅማል፤ የደም ስኳርን ግን ከፍ ስለሚያደርግ ያለ ሐኪም ጥበቃ የሚወሰድ አይደለም።

ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ጆሮን በክብሪት እንጨት፣ በጸጉር ሽቦ፣ በብዕር ክዳን መፈቅፈቅ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ በመጻሕፍት ቤት ውስጥ ቀና ብላችሁ ብትመለከቱ አንድ የሚፈቀፍቅ አታጡም። ጤነኛ ሰው ቢጫርበት በአብዛኛው ይድናል። የስኳር በሽታ ባለበት በተለይም በሸመገለ ሰው ላይ ግን፣ ፕሴውዶሞናስ የተባለው ጀርም በዚያች ጭረት ገብቶ ከቆዳው ወደ አጥንት፣ ከአጥንቱም ወደ ራስ ቅል ሥር ሊዘልቅ ይችላል። ቻንድለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1968 ይህን በሽታ በዝርዝር ሲጽፍ ክፉ የሚል ቅጽል ሰጥቶታል፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ይገድል ነበርና። ዛሬ መድኃኒት አለው፤ ሆኖም ሕክምናው ሳምንታትን ይፈጃል። ምልክቱ እንቅልፍ የሚነሣ የጆሮ ሕመምና መግል ነው። የፊት አንድ ወገን ከጠመመ በሽታው ወደ ነርቭ ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጆሮ ውስጥ ዘይት ማፍሰስ፣ የነጭ ሽንኵርት ጭማቂ ማንጠብጠብ ቀን ከማባከን በቀር አይረባም።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። የስኳር በሽታና ደንቆሮነት በዘር አብረው የሚሄዱበትም ጊዜ አለ። ከእናት ብቻ የሚወረስ አንድ ዓይነት እንዳለ በ1992 ታውቋል። ብዙ ሰው የሚነካ አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ቤት እናቲቱም ልጆቹም ገና በወጣትነታቸው ስኳርም የጆሮ ድካምም ካለባቸው ለሐኪም መንገር ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ለዓይኑ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀጠራል፤ እግሩም ይታያል። ሐኪሙ ሲመቱት የሚጮኽ ባለ ሁለት ጣት ብረት አውራ ጣቱ ላይ አስደግፎ መንቀጥቀጡ ይሰማው እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። የሚያስገርመን፣ የዚያው ብረት ታናሽ ወንድም በመቶ ዓመት ልማድ የጆሮ መመርመሪያ ነው። ለእግር የሚያገለግለው በሰኮንድ 128 ጊዜ የሚንቀጠቀጠው ሲሆን፣ ለጆሮ የሚያገለግለው 512 ጊዜ የሚንቀጠቀጠው ነው። ብረቱን ከጆሮ በስተኋላ ካለው አጥንት ላይ፣ ቀጥሎም ከጆሮ ደጃፍ በማድረግ ድካሙ ከመካከለኛው ጆሮ ይሁን ከውስጠኛው መለየት ይቻላል፤ ይህን ዘዴ የጀመረው ሪነ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ነገር ግን ብረቱ የጠፋውን ቀጭን ድምፅ አይለካም። ለዚያ የሚያስፈልገው አውድዮሜትር ነው። ታማሚው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርጎ ድምፅ በሰማ ቍጥር እጁን ያነሣል፤ የማያም፣ ደም የማያስፈስስ ምርመራ ነው። እውነቱን ለመናገር መሣሪያውና ባለሙያው የሚገኙት በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ይገኛል ብለን አንመክርም። ከበስተኋላ ቆሞ ቍጥርና ፊደል በሹክሹክታ ተናግሮ «ድገሙልኝ» ማለት ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ይህ መደበኛ ምርመራ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም። ፊት ለፊት ቆሞ መጠየቅ አይረባም፤ የደከመው ጆሮ ከንፈር ማንበብ ተምሯልና።

የሞተውን ሕዋስ የሚያስነሣ መድኃኒት የለም። የመስሚያ መሣሪያ ግን የጠፋውን ቀጭን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ሰዎች በዋጋውም በማፈርም ይሸሹታል። መነጽር ያደረገ ሰው አዋቂ ሲመስለን መስሚያ ያደረገው ለምን ሽማግሌ እንደሚመስለን እኛም አልገባንም።

በመካከላችንም ኢንሱሊን የሚወጉ ተማሪዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ይደብቁታል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ጥያቄ ሲጠየቅ የሚያፈጥጥ ጓደኛ ሁሉ ስላላጠና አይደለም። ከፊት ቦታ ብንለቅለት፣ የጻፍነውን ብናሳየው፣ ፊታችንን ወደ እርሱ መልሰን ሳንጮኽ ቀስ ብለን ብናናግረው ምንም አይጐድልብንም። ለራሱም ለታማሚው የምንለው አለን፤ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ መስማት ለማንም አይበጅም፤ የደም ሥሩ ለጠበበበት ጆሮ ግን ባለዕዳን እንደ መዝረፍ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለጐልማሳ ሰው ያስቀመጠው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። በመኝታ ቤታችን ከማዳመጫው ውጭ ሦስተኛ አልጋ ድረስ የሚሰማው ሙዚቃ ከዚህ ወሰን በታች ይሆናል ብለን አናምንም።

ከላይ የጠቀስናቸው አባት የመስሚያ መሣሪያ ገና አላገኙም። በቀጠሯቸው ቀን ግን ነርሷ ቍጥሩን በካርዳቸው ላይ በትልቁ ትጽፋለች፤ እሳቸውም ከመውጣታቸው በፊት መልሰው ይነግሯታል። «ዐሥራ ስድስት» ይላሉ፤ ጣታቸውንም በጽሕፈቱ ላይ ያደርጋሉ። በቤትም ልጆቹ ከኋላቸው መጣራት ትተው ከፊታቸው መቀመጥ ጀምረዋል። ስልክ ሲደወል ግን አሁንም «እሺ፣ እሺ፣ በርቱ» ብለው ለእናቱ ያቀብላሉ።